የቅጹ ጀርባ

ሰኔ ነው። ማርቆስ ላይ ዝናብ ጀማምሮታል፣
ከቢሮዬ በላይ ቆርቆሮው ይጮኻል።
ስልሳ አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ፣
«መምህሩን መዝኑት» ይላል ከበላይ፤
ከታች ቁጥር አለ፣ ከአንድ እስከ አምስት፣
ሁሉም አምስት ከብቧል፣ ያለ አንዳች ስህተት።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አምስት ነው የማገኝ፣
ይኸ አምስት የሚሉት እንዴት አታለለኝ!
ፍቅር መስሎኝ ነበር፤ ፍርሃት ነው ለካ፣
ውጤቱ ሳይለጠፍ ማን መምህር ይነካ?

አንዱን ገለበጥሁት፣ ምን እንዳሰኘኝ እንጃ።
በጀርባው፣ ጥግ ላይ፣ በቀጭን እስክሪብቶ፦
«መምህር፣ ሰሌዳው በደንብ ይሰማዎታል።
እኛን ግን ሁልጊዜ ጀርባዎ ያየናል።»

ተናደድሁ። አልዋሽም።
ያስመጣሁት ሻይ ቀዘቀዘ።
ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ ቅሬታ ግን በአማርኛ ይመጣል፤
ስለዚህ ስም የሚሞሉበትን የአቴንዳንስ ሉክ አወረድሁ፣
የ«ባ»ን እግር ከ«ባ» እግር፣ የ«ታ»ን አንገት ከ«ታ» አንገት፣
እንደ ሌባ አሳዳጅ ሳመሳክር መሸ።
(ይኸን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርሁም።)

ተገኘ። ሦስተኛ ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል፦
ታዘባቸው አንለይ።
ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ?

አስጠራሁት፣ መጣ፤ የብቸና ልጅ ነው፣
ጃኬቱ ረጥቧል፣ እጁን የት ያድርገው?
«አንተ ነህ የጻፍኸው?»
«አዎ» አለ። ቀጥሎ «ይቅርታ» አለ።
ያዘጋጀሁት ቁጣ ነበር፣ በልክ የተሰፋ፤
ጫማው ምንጣፉ ላይ ውሃ ሲያንጠባጥብ ሳየው ጠፋ።
«እሺ፣ ምን ላድርግ?» አልሁት።
ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ረዥም ዝም አለ።
«መምህር፣ የኮሎራዶን ወንዝ አላየነውም፤
ፍጥነቱን ሰላነው፣ ጥልቀቱን ሰላነው፣ አሁንም አናውቀውም።
ጨሞጋ እኮ እዚሁ ነው።»

ጥቅምት ላይ ሲመለሱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
ከእኔ ጋር ቁጭ አሉ ትምህርቱን ሊያርሙት፦
ታዘባቸው፣ የዝና፣ ሸጋው የደጀኑ፣
ቢጫ ወረቀቴን እየበታተኑ።
«ይኸ ገጽ ይውጣ» አለች የዝና፣ «ማንም አልተረዳው፤
ለፈተና ሸምድደን፣ በማግሥቱ ረሳነው።»
ያን ገጽ ሦስት ሌሊት ነበር የጻፍሁት።
ቀይ እስክሪብቶው በእሷ እጅ ነበር።

ሁሉም አልወደደው።
ኃላፊዬ ጠራኝ፣ «በየትኛው ደንብ ነው?» አለ።
ከኋላ ወንበርም አንዱ፣ እንዲሰማ አድርጎ፦
«ደመወዝ የሚበላው እሱ፣ የምንደክመው እኛ!»
መልስ አጣሁ። እውነቱን ነበራ።
በሳምንቱ ወንዝ ዳር ገመዱን ያስያዝሁት እሱኑ ነው።

ሃያ ሜትር ለክተን ብርቱካን ጣልንበት፣
ወዲያ ማዶ ቆመን ሰዓት ያዝንበት።
ልብስ የምታጥብ ሴት ቀና ብላ ሳቀች፦
«እነዚህ የተማሩት ፍሬ አይበሉም እንዴ?» አለች።
ብርቱካኑ ድንጋይ ዞረ፣
አመነታ፣
ሄደ።
ስልሳ አንድ ልጅ ጮኸ፤
ቀመሩም ከወረቀት ወርዶ እግሩ ረጠበ።

ውጤቱስ? ያን ያህል አልጨመረ።
አራት ልጅ ወደቀ፣ አምና አምስት ነበረ።
ብቻ ሰዓቱ አልቆ የሚወጣው አነሰ፣
«ለምን?» የሚል በዛ፤ አንዳንዱን አልመለስሁትም፣
«እኔም አላውቅም፣ አብረን እንየው» አልሁ፤
ጣራው አልተደረመሰ።

ዘንድሮም ሰኔ ነው፣ ዘንድሮም ዝናብ ነው።
ቅጹ መጣ። ፊቱን ሳላይ ጀርባውን ነው ያየሁት።
አምስት የከበበ አለ፣ ሦስትም አለ፣ አንድ ልጅ ሁለት ሰጥቶኛል፤
ሉኩ መደርደሪያው ላይ ነው፣ አላወረድሁትም።
አንዷን ወረቀት ግን አጥፌ ኪሴ ከተትኋት፦

«መምህር፣ ፊትዎን አየነው፣ እግዜር ይስጥልን።
ጨሞጋ ሲሞላ ግን ድምፅዎ አይሰማም።
ቀረብ ይበሉ።»